ለመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ስትገዙ፦ ከቆጠራው እስከ ማስወገዱ

ከዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት 40 ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ገዛ። ጨረታ ወጣ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፣ ሰነዱ አንድም እንከን አልነበረበትም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግማሾቹ ግምጃ ቤት ተደርድረው አቧራ ይጠጡ ነበር። ፓወር ሰፕላያቸው በየጊዜው ይቃጠላል፤ ቅርጹ የተለየ ስለሆነ ገበያ ላይ ምትክ አይገኝለትም። ራማቸው (ሥራ ላይ ያለውን መረጃ የሚይዘው ማስታወሻ) 4 ጊጋ ነው፣ መጨመሪያ ቦታ የለውም። እንደገና ጨረታ ወጣ። ያኔ በጣም ተናደድኩ። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ሌላ መሥሪያ ቤት ያንኑ ስህተት እንዳይደግም ብዬ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ለአካባቢ የሚስማማ ግዥ ሲባል ብዙ ሰው መብራት የማይበላ ዕቃ መግዛት ብቻ ይመስለዋል። እሱም ጥሩ ነው። እኛ አገር ግን ከመብራቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከውኃ ነው። አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሙሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት ትልቁ ድርሻ የሚወጣው ደግሞ ገና ሲመረት ነው፤ ማዕድኑ ሲቆፈር፣ ቺፑ ሲሠራ፣ ስክሪኑ ሲገጠም። ታላላቆቹ አምራቾች ለየሞዴሉ በሚያወጡት ሪፖርት ላይ ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ላለ ቢሮ ከዋቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ነው። እኔም ሁሉንም ደረጃ የማየው በዚህ ጥያቄ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ያለውን ቁጠሩ

የግዥ መጠየቂያ ከመሞላቱ በፊት አንድ ሳምንት ለቆጠራ ስጡ። የንብረት ክፍል መዝገብ ብቻውን አይበቃም። መዝገቡ ኮምፒውተሩ መኖሩን እንጂ መሥራቱን አይነግራችሁም። የአይቲ ባለሙያው በየጠረጴዛው ይሂድ። ለእያንዳንዱ ማሽን የመለያ ቁጥሩን፣ የተገዛበትን ዓመት፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ዲስኩ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ይሁን ወይስ በቺፕ የተሠራው ፈጣኑ ኤስኤስዲ፣ የባትሪውን ሁኔታና የተጠቃሚውን ቅሬታ ይመዝግብ።

ከዚያ በሦስት ክፈሏቸው፦ ባለበት የሚቀጥል፣ በትንሽ ወጪ የሚታደስ፣ የሚወገድ። የሚያስገርማችሁ መካከለኛው ክምር ነው። «ቀርፋፋ ነው፣ ይቀየርልኝ» ከሚባሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ችግራቸው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩት፣ ራሙን 8 ወይም 16 ጊጋ አድርሱት፣ ውስጡን ከአቧራ አጽዱት። ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ማሽን ከአንድ ደቂቃ በታች ይነሳል። ወጪው ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ በአንድ ማሽን ሞክሩትና ለኃላፊው አሳዩ። ከአሥር ገጽ ሪፖርት ይልቅ ይህ ያሳምነዋል።

እዚህ ላይ የዊንዶውስ ጉዳይ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ጥሩ ማሽኖች ሁሉ ይጣሉ ማለት ግን አይደለም። ሥራው ደብዳቤ መጻፍና ኢሜይል ማየት ለሆነ ሠራተኛ ሊኑክስ ሚንት ጭናችሁ ሞክሩ። አማርኛ መጻፊያ አለው፣ ነፃ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀመው ሒሳብ ክፍል ግን ዊንዶውስ ላይ ይቆይ። በፓወር ግዕዝ፣ በቀድሞው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፈ ብዙ የቆየ ሰነድ ያለው ክፍልም እንዲሁ።

2ኛ ደረጃ፦ ለየትኛው ሥራ?

አጭር ነው። ሠራተኛውን በማዕረግ አትክፈሉት፣ በሥራው ክፈሉት። ዳይሬክተሩ ኢሜይል ብቻ የሚያይ ከሆነ በጣም ውድ የሆነው ላፕቶፕ ለእሱ አይገባም። ካርታ የሚሠራው ባለሙያ ነው ጠንካራ ማሽን የሚያስፈልገው። ሁለት ወይም ሦስት መደቦች ይበቃሉ። በየመደቡ አንድ ሞዴል ብቻ ግዙ። ሞዴሉ አንድ ሲሆን ቻርጀሩ ለሁሉም ይሆናል፣ ከተሰበረው ላይ ስክሪኑ ተነቅሎ ለሌላው ይገጠማል።

3ኛ ደረጃ፦ ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ?

እዚህ አገር ይህን የሚወስነው መብራት መጥፋቱ ነው። ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን አንድ ዩፒኤስ እንገዛለን። በተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አለ። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቶ ይደክማል። 30 ዴስክቶፕ ያለው ቢሮ በየሦስት ዓመቱ ከ60 ኪሎ በላይ መርዛማ ባትሪ ያስወግዳል ማለት ነው። ያ እርሳስ የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ብዙ አላየሁም። እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ነገር ነው።

ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤስ አያስፈልገውም። መብራት ሲሄድም ሲመጣም ሥራው አይቋረጥም። ኃይል የሚወስደውም ከዴስክቶፕና ከሞኒተሩ በጣም ያነሰ ነው፤ ይህ በጀነሬተር ነዳጅ ላይ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ለተራ የቢሮ ሥራ ላፕቶፕ ሆኖ ትልቅ ሞኒተር ቢታከልበት ይሻላል እላለሁ። ለኮምፒውተር ላብራቶሪ ግን ትንንሾቹ ዴስክቶፖች፣ ሚኒ ፒሲ የሚባሉት፣ በአንድ ትልቅ ዩፒኤስ ሥር ቢሰበሰቡ ይመረጣል።

ሞኒተርን በተመለከተ አንድ ልማድ መተው አለብን። ኮምፒውተር ሲቀየር ሞኒተሩም፣ ኪቦርዱም፣ ማውሱም አብረው እንደ አንድ ጥቅል ይቀየራሉ። ሞኒተር ግን ከኮምፒውተሩ እኩል አያረጅም። በደህና ከተያዘ ሁለት ኮምፒውተር ያስረጃል። መጠየቂያው ላይ «ያለ ሞኒተር» ብላችሁ ጻፉ።

ፕሪንተር ላይ የራሱን ዋጋ ሳይሆን የቀለሙን ወጪ እዩ። ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) እና ድራሙ (ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ክፍል) ለየብቻ የሚቀየሩ፣ በሁለቱም ገጽ የሚያትም፣ ቶነሩ የሚሞላ ይሁን። ለአምስት ክፍል አምስት ትንንሽ ከመግዛት ኮሪደር ላይ አንድ ደህና ፕሪንተር ማቆም ይቀላል።

4ኛ ደረጃ፦ ስፔሲፊኬሽኑን ጻፉ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ ግዥያችሁ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ይመራል፤ የግል ድርጅት ወይም መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ከሆናችሁ በራሳችሁ የግዥ መመሪያ። በሁለቱም መንገድ ሰነዱ ላይ ያልጠየቃችሁትን ነገር ግምገማ ላይ ልትጠይቁ አትችሉም። «ለአካባቢ ተስማሚ የሆነ» ብሎ መጻፍም ዋጋ የለውም። ሁሉም አቅራቢ «አዎ» ይላል። ሊለካ የሚችል ነገር ጻፉ።

በየቦታው የማየው ስህተት «ኮር አይ 7 ላፕቶፕ» የሚለው ነው። አይ 7 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየዓመቱ እየታደሰ የመጣ ስም ነው። የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራውም አይ 7 ነው። የ13ኛው ትውልድ አይ 5 ከ4ኛው ትውልድ አይ 7 በእጅጉ ይፈጥናል፣ ኃይልም ይቆጥባል። ትውልዱን ካልጻፋችሁ አቅራቢው መጋዘኑ ውስጥ የቆየውን ያመጣላችኋል፤ በሕግም ልትከራከሩት አትችሉም። አዲሶቹ «ኮር አልትራ» የሚል ስም ስላላቸው «ፕሮሰሰሩ ለገበያ ከቀረበ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ» ብሎ መጻፍ የበለጠ ያዋጣል።

እኔ ለቢሮ ላፕቶፕ እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች እጠቀማለሁ። እንዳሉ ልትወስዷቸው ትችላላችሁ።

«ራሙ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ሆኖ፣ ቢያንስ አንድ ተነቃይ ማስገቢያ ያለው።» ብዙ ስስ ላፕቶፖች ራማቸው ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ከአራት ዓመት በኋላ 16 ጊጋ ሲያንሳችሁ ምንም ማድረግ አትችሉም።

«ኤስኤስዲው ተነቃይ የሆነ።» መጠኑ ላይ አትስገብገቡ። ፋይላችሁ ሰርቨር ላይ ከሆነ 256 ጊጋ ይበቃል።

«ባትሪው በተራ መፍቻ ተከፍቶ የሚቀየር፤ የሚተካው ባትሪ አገር ውስጥ ዋጋው የቀረበ።» የባትሪውን ዋጋ ከመጀመሪያው ፕሮፎርማ ጋር አስመጡ።

«አምራቹ የጥገና መመሪያውን በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያወጣ።» ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለቢሮ ሞዴሎቻቸው ይህን ያደርጋሉ። የአገራችን ጠጋኝ ብልህ ነው፣ ግን መመሪያ ሲኖረው ማሽኑን ሳይሰብር ይከፍተዋል።

«በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ።» የጠፋ ቻርጀር ስንቱን ላፕቶፕ ከሥራ ውጭ እንዳደረገ ታውቃላችሁ።

«መለዋወጫ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለ5 ዓመት እንደሚገኝ የአምራቹ የጽሑፍ ማረጋገጫ የቀረበለት።»

የብራንድ ስም መጻፍ ካስፈለገ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን አትርሱ።

5ኛ ደረጃ፦ ማረጋገጫውን ራሳችሁ ፈልጉ

ሦስት ምልክቶች ይጠቅሟችኋል። ኢነርጂ ስታር በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን የሚመለከተው የኃይል አጠቃቀምን ነው። ኢፒት ሰፋ ያለ ነው፤ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። የስዊድኑ ቲሲኦ ሰርቲፋይድ ደግሞ ከኬሚካሉና ከባትሪው አልፎ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሁኔታ ጭምር ይመለከታል። እኔ ለእሱ አደላለሁ፤ ማሽኑን በእጃቸው የሚገጣጥሙት ሰዎችም በግዥያችን ውስጥ አሉበት ብዬ ስለማምን።

አቅራቢው ብሮሹር ላይ ያተመውን አርማ አትመኑ። የኢፒትና የቲሲኦ መዝገቦች በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ናቸው። ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጻፉና ፈልጉ። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕ ሻጮችን ምን ያህል ለመጠገን እንደሚቀል ከ10 ነጥብ እንዲያሳዩ አስገድዳለች። የምትገዙት ሞዴል እዚያም የሚሸጥ ከሆነ ነጥቡን ማየት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ ማረጋገጫ የግድ የሚል መስፈርት ካደረጋችሁት ግን ተወዳዳሪ ልታጡ ትችላላችሁ። አንዱን ግዴታ አድርጉ፣ የቀሩትን ነጥብ የሚያስገኙ አድርጓቸው።

6ኛ ደረጃ፦ ዋጋውን በዓመት አካፍሉ

ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው። አንዱ ላፕቶፕ 70,000 ብር ነው እንበል፤ ሦስት ዓመት ይሠራል። በዓመት 23,333 ብር መጣ። ሌላው 100,000 ብር ነው፤ ስድስት ዓመት ይሠራል፣ በመሀል ለባትሪና ለኤስኤስዲ 14,000 ብር ይወጣበታል። ጠቅላላው 114,000፣ በዓመት 19,000 ብር። «ውድ» የተባለው ረከሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን አስታውሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገዛው ምትክ በዛሬው ዋጋ አይገኝም። ይህን ሰንጠረዥ ከውሳኔ ቃለ ጉባኤው ጋር አያይዙት፤ ኦዲተር ሲመጣ ዝቅተኛው ለምን እንዳልተመረጠ መልሱ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ስሌቱ የመገምገሚያ መስፈርት መሆኑን ግን አስቀድማችሁ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስፍሩ።

7ኛ ደረጃ፦ ያገለገለ መግዛት ይቻላል?

የውስጥ መመሪያችሁ ከፈቀደ፣ አዎ። በውጭ አገር ቢሮዎች ሦስት አራት ዓመት ያገለገሉ የቢሮ ሞዴሎች ከአዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይጠነክራሉ። ግን ሳይፈተሽ አይሆንም። ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራውን ማስተካከያ) ክፈቱና የይለፍ ቃል እንደሌለው እዩ። ኢንተርኔት አገናኙና ዊንዶውሱን ከዜሮ ጫኑት፤ የቀድሞው ድርጅት በርቀት ያስተዳድረው ከነበረ ያኔ «ይህ የእገሌ ኩባንያ ንብረት ነው» ይላችኋል። እንዲህ ያለውን በነፃም አትቀበሉ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን የሚይዘውን ያነጻጽራል። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከክፍያው ይቀነስ። ለአንድ ሰዓት ቪዲዮ እያጫወታችሁ አቆዩት። የስድስት ወር ዋስትና በጽሑፍ ያዙ።

ይህ ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ በወገኖቻችን ለሚላክ ስጦታም ይሠራል። ኮንቴይነሩ ከመነሳቱ በፊት እዚያው ይፈተሽ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2025 ጀምሮ፣ የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር በሚቆጣጠረው በባዝል ስምምነት መሠረት፣ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ድንበር መሻገር አይችልም። የማይሠራ ኮምፒውተር በስጦታ ስም ቢመጣም ቆሻሻ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ውሉ

ዋስትናው ሦስት ዓመት ይሁን። የሚጠገነው የት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ። «ዋስትና አለው» ተብሎ ዱባይ መላክ ካለበት ዋስትና የለውም ማለት ነው። ከውል ማስከበሪያው የተወሰነው በዋስትናው ጊዜ ሁሉ የሚቆይበትን መንገድ ከሕግ ክፍላችሁ ጋር ተነጋገሩ። አሮጌ ዕቃ መልሶ የመውሰድ አገልግሎት ያለው አቅራቢ ካለም እዚሁ ውል ውስጥ አስገቡት።

9ኛ ደረጃ፦ ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት

ጥሩ ስፔሲፊኬሽን ግምጃ ቤት በር ላይ ሲሞት አይቻለሁ። ካርቶኑ ይቆጠራል፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ክፍያ ይለቀቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲከፈት የታዘዘው ሌላ፣ የመጣው ሌላ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ተረካቢ ኮሚቴው ውስጥ የአይቲ ባለሙያ ይኑር፣ ካርቶኑም እዚያው ይከፈት።

የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ቁጥር አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ዋስትናው የጀመረበት ቀንና ማሽኑ የተሸጠበት አገር ይወጣል። ዋስትናው ከዓመት በፊት ጀምሮ ከሆነ አዲስ የተባለው አዲስ አይደለም። ከዚያ ከየአሥሩ አንዱን አውጡና የኋላ ሽፋኑን ክፈቱ። የራም ማስገቢያው አለ? ኤስኤስዲው የታዘዘው ነው? ባትሪው በብሎን ነው የታሰረው? አቅራቢው ባለበት ይደረግ። የማይስማማ ካለ ሁሉም ይመለስ፤ «ለዛሬ ተቀበሉና ቆይተን እናስተካክላለን» የሚለውን እሺ አትበሉ።

10ኛ ደረጃ፦ ዕድሜውን ማራዘም

ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል፤ ብዙዎቹ የቢሮ ሞዴሎች ይህ ምርጫ አላቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ አቧራ ይራገፍ። ከ30 ማሽን ጋር ሁለት ትርፍ ባትሪና ሁለት ቻርጀር ግምጃ ቤት ይኑር።

11ኛ ደረጃ፦ ሲያበቃለት

ብዙ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን አይጥልም፣ ይቆልፍበታል። አንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር አሥር ዓመት ይቀመጣል። ቶሎ ቢወጣ ኖሮ መለዋወጫ ይሆን የነበረው በዚያው ይበላሻል። በዓመት አንድ ጊዜ የማስወገድ ኮሚቴው ይሰብሰብ።

መጀመሪያ መረጃው ይጥፋ። ፋይል መሰረዝ ማጥፋት አይደለም። ለኤስኤስዲ ከባዮሱ ወይም ከአምራቹ ፕሮግራም ሙሉ ማጽጃውን ተጠቀሙ፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ሌላ መረጃ ይጻፍበት፤ የማይነሳ ዲስክ በድሪል ይበሳ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ ያለበት ዲስክ ገበያ ላይ ቢገኝ ተጠያቂነቱ እናንተ ዘንድ ይመጣል።

የሚሠራውን ለትምህርት ቤት ስትሰጡ ከነቻርጀሩ፣ ከነሶፍትዌሩ፣ ተፈትሾ ይሁን። የማይሠራውን ለቆራሌው አትስጡ። ይህን ስል ቆራሌውን አቅልዬ አይደለም፤ ምናለሽ ተራ ያሉት እጆች ስንቱን ዕቃ ከሞት እንደመለሱ አውቃለሁ። ግን መዳብ ለማውጣት ገመድ ሲቃጠል ጭሱን የሚተነፍሰው እሱ ነው፣ የባትሪው አሲድ የሚፈሰውም ልጆቹ በሚጫወቱበት ግቢ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። ለሰብሳቢው ስታስረክቡ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተሰጠውን ፈቃድ ጠይቁና ቅጂውን ያዙ። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ አይበሳ፣ አይጫን፤ አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከወረቀት ርቆ ይቀመጥ። የዩፒኤስ ባትሪዎችን ሳትከፍቱ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በመጨረሻ የወጡትን መለያ ቁጥሮች ከንብረት መዝገቡ ሰርዙ። ተረካቢው የፈረመበትን ዝርዝር ከመጀመሪያው የግዥ ሰነድ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። የቱ ሞዴል ስንት ዓመት ቆየ፣ ምኑ ቀድሞ ተበላሸ የሚለውን በአንድ መስመር ጻፉበት። የሚቀጥለውን ስፔሲፊኬሽን ስትጽፉ መጀመሪያ የምታወጡት ያንን ፋይል ነው።